የተበተነ እድር በአፕ ይሰበሰባል ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «እድራችን የተቋቋመው ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ሲነሣ አባላቱ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ተበተኑ። ውጭ አገር ባሉ ልጆቻቸው በኩል የሚከፍሉም አሉ። ወደ ሦስት መቶ ቤት እንሆናለን። ሶፍትዌር ስለተማርኩ ኮሚቴው አፕ እንድሠራለት ጠየቀኝ። የአባል መግቢያ፣ ቻት፣ ዋሌት፣ የሞት ማስታወቂያና ቅጣት በስልክ መክፈያ ያለው ዲዛይን አቀረብኩ። ወጣቶቹ ወደዱት። ሽማግሌዎቹ ግን ‹ጥሩ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ› ብለው ወደ ሌላ አጀንዳ ዞሩ። ምን ጎደለው? ከየትስ ልጀምር?»

ሽማግሌ አመስግኖ አጀንዳ ከቀየረ አልተዋጠለትም ማለት ነው። ለምን እንዳልተዋጠላቸው ብትጠይቂያቸውም ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጡሽም፤ ስለ እድሩ የሚያውቁት ነገር በአንድ ስብሰባ ተነግሮ አያልቅማ። እኔ የእድሮችንና የቁጠባ ማኅበራትን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር በማዛወር ሥራ ላይ ስለቆየሁ በዚያ በኩል ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የራስሽን ጥያቄ መልሰሽ አንብቢው። ችግራችን ብለሽ የጻፍሽው መበተናችሁን ነው። ካቀረብሻቸው አምስት ነገሮች መበተኑን በቀጥታ የሚነካው ግን አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም የሞት ማስታወቂያው፤ እሱም ቢሆን ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ካዛንቺስ ሳላችሁ ጥሩምባው ሲነፋ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ በእግሩ ይደርስ ነበር። ድንኳኑም ከዕቃ ቤት ወጥቶ በጎረምሶች ትከሻ ለቅሶ ቤት ይገባ ነበር። ዛሬ ኮዬ ፈጬ ሰው ሲሞት የካ አባዶ ያለው እድርተኛ መርዶውን ቢሰማስ? በስንት ታክሲ ይደርሳል? ማታ ከለቅሶ ቤት ሲወጣ በምን ይመለሳል? ሰፈሩ የፈረሰበት እድር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው በመዋጮ እጦት አይደለም። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል፤ የሚጠፋው ቀብር ላይ የሚቆም ሰው ነው። ሰው ሲጠፋ አባሉ «ለማን ብዬ ነው የምከፍለው?» ይልና ባለበት ኮንዶሚኒየም ሌላ እድር ይገባል። ስለዚህ ሥራሽን ከገንዘብ ሳይሆን ከመኪና ጀምሪ። ሰው ቀብር የሚያደርስ ነገር ከሠራሽ ሌላው ቀስ ብሎ ይከተላል። እሱን ካልሠራሽ ግን የቀረው ሁሉ ተሠርቶ ቢያልቅም ለማንም አይጠቅምም።

ጸሐፊውን፣ የዕቃ ቤት ኃላፊውንና ጥሩምባ ነፊውን አንድ ላይ አስቀምጫቸውና የመጨረሻው ቀብር ሰዓት በሰዓት እንዴት እንደሄደ አስተርኪያቸው። «አሠራራችሁ እንዴት ነው?» ብለሽ እንዳትጠይቂ፤ መተዳደሪያ ደንቡን ያነቡልሻል። «የእገሌ እናት ያረፉ ለት መጀመሪያ የተደወለው ለማን ነው?» በያቸው። ያኔ ታሪኩ ይመጣልሻል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ልጅየው ለጸሐፊው ይደውላል። ጸሐፊው ተነሥቶ መዝገቡን ይገልጣል፦ ሟች ለአባሉ ምኑ ነው? እናት አባት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድም እህት እያለ ክፍያው ይለያያል። ውዝፍ አለበት ወይ? ከዚያ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ይፈለጋል፣ ድንኳንና ወንበር የሚጭን መኪና ይፈለጋል፣ ንፍሮ የሚቀቅሉትና ውኃ የሚያስቀዱት ሴቶች ይጠራሉ፣ የቀብሩ ቦታና ሰዓት እስኪቆረጥ ይጠበቃል። አባሎቻችሁ ውስጥ ሙስሊሞች ካሉ ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም ይህ ሁሉ የሚሠራው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ማን ማንን እንደጠበቀና ለምን እንደዘገየ በወረቀት ጻፊ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ አንድ ሰው እጅ ብቻ ሆኖ ያ ሰው አሁን ሰፈሩን ለቆ ከሆነ፣ ያንን ችግር የሚፈታው ኮድ ሳይሆን ሁለተኛ ቁልፍ ማስቀረጽ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ከአንድ በላይ እንደምታገኚ እርግጠኛ ነኝ።

የመጀመሪያው ሥራሽ አፕ ባይሆንም ይሻላል። በየሰፈሩ አንድ ተጠሪ ይመረጥ፤ ለገላን አንድ፣ ለኮዬ ፈጬ አንድ እያለ። አባላቱን በሚኖሩበት ሰፈር የለየ የኤክሴል ዝርዝር አዘጋጂ። ሞት ሲሰማ ለሁሉም አጭር መልእክት ይሂድ፤ ተጠሪው በበኩሉ ሰፈሩ ላሉት ደውሎ ስንት ሰው እንደሚሄድ ይቁጠር። ስምንት ሰው ከሆነ ሚኒባስ፣ ሃያ አምስት ከሆነ ቅጥቅጥ ይከራያል፤ ወጪው ከእድሩ ይሸፈን ወይስ ተሳፋሪው ያዋጣ የሚለውን ጉባኤው አስቀድሞ ይወስን። «እሄዳለሁ የሚል 1 ብሎ ይመልስ» የሚል ሥርዓት ለመሥራት እንደሚያምርሽ አውቃለሁ። ለዚያ የሚያስፈልገውን አጭር ቁጥር መከራየት ወጪ አለው፤ ደግሞም ተጠሪው ሲደውል የሚገኘው ወሬ («እሳቸው እኮ ታመዋል፣ አልሰማችሁም?») በ1 እና 2 አይመለስም።

ስለ አጭር መልእክት አንድ ነገር ልጨምር፤ ወጪውን በግማሽ ሊቀንስልሽ ይችላል። በላቲን ፊደል የተጻፈ መልእክት እስከ 160 ምልክት ይይዛል። በግዕዝ ፊደል ሲሆን አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከ70 ካለፈ በየ67ቱ እየተቆረጠ ይላክና እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይታሰባል። «ውድ የእድራችን አባላት፣ በታላቅ ሐዘን ልናሳውቃችሁ የምንፈልገው» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ የሟችን ስም ሳይጠራ የአንዱን መልእክት ከግማሽ በላይ ጨርሷል። ይልቅ እንዲህ ይሁን፦ «የወ/ሮ አስቴር እናት አርፈዋል። ቀብር ነገ ከቀኑ 6 ሰዓት ቅ/ማርያም። መኪና ከኮዬ 3 ሰዓት።» ክፍተቱና ነጥቡ ተቆጥሮ 60 ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንደየሰፈሩ ትለዋወጣለች። ጸሐፊው ክፍት ቦታውን ብቻ የሚሞላበት ቅጽ ሥሪለት፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው ድርሰት እንዲጽፍ አይጠየቅም። «ከቀኑ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ቦታ ልቆጥብ ብለሽ እንዳታወጪያት። ቨርጂኒያ ያለው ልጅ 6 ሰዓትን በፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበ የጠዋት 12 ሰዓት ነው የሚመስለው።

የማያነቡ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ስልካቸው የግዕዝ ፊደልን አራት ማዕዘን ሳጥን አድርጎ የሚያሳይባቸው አባላት ይኖሩሻል። ለእነዚህ ድምፅ ነው የሚያዋጣው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የተባለ የስልክ መስመር ገበሬው ማንበብ ቢችልም ባይችልም ደውሎ በሚያውቀው ቋንቋ የተቀዳ ምክር እንዲሰማ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንቺ ግን ይህን ለማድረግ የድምፅ ሥርዓት መግዛት አያስፈልግሽም፤ ጥሩምባ ነፊ አለሽ። ብዙ ወጣት ዲዛይነር አፕ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያሰናብተው እሱን ነው፤ በእኔ አስተያየት ትልቅ ስሕተት ነው። ሰውየው ማን በስንተኛ ፎቅ እንደሚኖር፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ መርዶ ለማን በቀጥታ እንደማይነገር ያውቃል። ሥርዓትሽ መልእክቱ ያልደረሳቸውንና ስልክ የሌላቸውን ቤቶች ለይቶ በአንድ ገጽ ያትምለት፣ እሱ እነሱ ዘንድ ይሂድ። እግሩም ያርፋል፣ ሥራውም አይቀርበትም።

አሁን ወደ መዝገቡ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጪው የሚገባሽ እሱ ስለሆነ። የእድር መዝገብ ስታዪ በረድፍ ስም፣ በዓምድ ወር፣ መሐሉ ላይ የክፍያ ምልክት ነው። ይህን ማንም ተማሪ በአንድ ቀን ወደ ሠንጠረዥ ይለውጠዋል። ኅዳጉን ግን እዪው። አንድ የምሠራበት እድር ጸሐፊ ከስሞቹ ጎን በእርሳስ ይጽፉ ነበር፦ «ልጁ ይከፍላል»፣ «ከሥራ ወጥቷል፣ እስከ ፋሲካ ይጠበቅ»፣ «ዳኛው ያውቁታል»፣ አንዱ ጋ ደግሞ «አይጠየቅ» ብቻ። ደንቡ ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ይላል። በእርሳስ የተጻፈው ግን ሰውየው እንዳይሰረዝ የተደረገበት ምክንያት ነው። እድሩን እድር ያደረገው ይህ ሁለተኛው ጽሑፍ ነው። ፕሮግራመር ደግሞ ደንቡን አንብቦ «ከ90 ቀን በኋላ አባልነቱ በራሱ ይዘጋ» ብሎ ይጽፋል፤ ኮሚቴው ለዓመታት በዝምታ ሲያሳልፈው የኖረው ሰው አንድ ሌሊት ከአባልነት ይወጣል፣ መልእክትም ይደርሰዋል። ሽማግሌዎቹ ዲዛይንሽን አይተው ዝም ያሉት ይህን አሽትተው ይመስለኛል።

ስለዚህ ሥርዓትሽ ማንንም በራሱ አይሰርዝ፣ በራሱ አይቅጣ፣ በራሱም አያስታውስ። ሦስት ወር የሞላቸውን ስም ዝርዝር ለኮሚቴው ያቅርብ፤ ኮሚቴው ሽማግሌ ይልካል፣ ይጠይቃል፣ ይወስናል። ውሳኔውን የሚመዘግብ ቦታ ይኑር፦ «በኮሚቴ ውሳኔ ታልፏል» የሚል አንድ ምርጫና ነጻ ማስታወሻ። ማስታወሻውን ማየት የሚችሉት ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ይሁኑ። ምን ያህል ሰው እንደታለፈ በቁጥር ለኦዲተሩ ይታይ፣ አለበለዚያ ምሕረት ወደ አድልዎ ይዞራል፤ ስምና ምክንያት ግን አይውጣ። ጸሐፊው ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት የወረቀቱን መዝገብ ጎን ለጎን ይቀጥል። በየወሩ ሁለቱን አመሳክሩ። ልዩነት ሲገኝ ለጊዜው ትክክለኛው ወረቀቱ ነው።

ወደ ቅጣት መክፈያው። ይህን ክፍል ሙሉ በሙሉ አውጪው። ቀብር ላይ ስም ተጠርቶ ያልተገኘ ይቀጣል፣ ቅጣቱም ከመዋጮው ጋር ይሰበሰባል፤ በስልክ ቢከፈል ምን ችግር አለው ትዪኝ ይሆናል። በ2000 እ.ኤ.አ. ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እስራኤል ውስጥ ሃይፋ ከተማ ባሉ አሥር የሕፃናት ማቆያዎች ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ እየዘገዩ መምህራኑን ያስቸግሩ ነበር። በስድስቱ ማቆያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ የዘገየ 10 ሼቄል እንዲቀጣ ተደረገ። የዘገዩት ወላጆች ቁጥር በመቀነስ ፈንታ ጨመረ፣ በግምት እጥፍ ሆነ። ቅጣቱ ሲነሣም ወደ ድሮው አልተመለሰም። ወላጁ ከቅጣቱ በፊት መምህሯን ማስጠበቅ ያሳፍረው ነበር፤ ከቅጣቱ በኋላ ግን ለዘገየበት እንደከፈለ ቆጠረው።

እድር ውስጥ ቅጣት ይህን ጉዳት ያላደረሰው እስካሁን የሚከፈለው በአካል ስለሆነ ነው። እሑድ ጠዋት መዋጮ ሲሰበሰብ «ምነው ቀረህ?» ይባላል፣ በሰው ፊት ይመለሳል፣ አንዳንዴም ይቅር ይባላል። ያንን ጥያቄ አውጥተሽ «ቅጣት ይክፈሉ» የሚል ቁልፍ ብቻ ካስቀመጥሽ፣ ከገላን የካ አባዶ ለመሄድ የሰነፈ ሰው ቁልፉን ተጭኖ ይተኛል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሒሳቡ የሞላ፣ ለቅሶ ቤቱ ባዶ የሆነ እድር ይኖራችኋል። መዋጮው በስልክ ይከፈል፣ ምንም አይደል፤ ቅጣቱ ግን ስብሰባ ላይ በእጅ ይከፈል። ለመሥራት ቀላል የሆነውን ነገር ሆን ብለሽ አስቸጋሪ አድርጊው ማለቴ ነው። ለሱቅ ወይም ለባንክ ብትሠሪ ይህን ምክር ፈጽሞ አልሰጥሽም ነበር።

ዋሌቱን በተመለከተ ባጭሩ፦ የሰው ገንዘብ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ለማቆም የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። ገንዘቡ በእድሩ ስም በተከፈተውና ሦስት ፈራሚዎች ባሉት የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። አባሉ በቴሌብር ወይም በባንኩ የስልክ አገልግሎት ይክፈል፤ ተራ ስልክ ያለውም በ*127# መክፈል ይችላል። የአንቺ ሥራ የገባውን ከመዝገቡ ጋር ማገናኘት ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን ራስ የሚያዞረው እዚህ ላይ ነው፤ ብሩ የሚመጣው በአባሉ ስም አይደለም። በልጁ ስም፣ በሠራተኛዋ ስም፣ በጎረቤት ስም ይመጣል። ለእያንዳንዱ ቤት ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ስጪ፣ ከፋዩ ምክንያት በሚለው ቦታ ያንን ቁጥር ብቻ ይጻፍ። ቁጥሩን በክፍያ ካርዱ ላይ በትልቁ ጻፊው። በቴሌግራም የሚላክ ስክሪንሾት ደግሞ እንደ ደረሰኝ አይቆጠር፤ ስክሪንሾት ማስተካከል ለልጅ እንኳን አያቅተውም። ደረሰኝ የሚቆረጠው ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር ከተመሳከረ በኋላ ነው።

ውጭ ያሉት ልጆች ጉዳይ ከክፍያ ያለፈ ነው። ዋሽንግተን ያለ ልጅ የእናቱን መዋጮ ዓመቱን በአንዴ ይልካል፤ ጥሩ። ግን እናቱ አልጋ ላይ ከዋሉ ያ ቤት ለሌሎች ለቅሶ የሚልከው ሰው የለውም። አንዳንድ እድር ይህን «በእኔ ፈንታ የሚቆም» ዘመድ ወይም ጎረቤት በማስመዝገብ ፈትቶታል። መዝገብሽ ውስጥ ለዚህ ሰው ቦታ ይኑረው፣ ስሙ ሲጠራም «አለሁ» ማለት ይቻለው።

ቻቱን ተዪው። ቴሌግራም አላችሁ፣ እዚያ የሚወራው እዚያ ይወራ። እድሩ የራሱን ቻት ከከፈተ ግን በስሙ የተጻፈው ሁሉ የእድሩ ቃል ይሆናል፤ ስለ ፖለቲካ የተነሣ ጭቅጭቅ ሠልስት ላይ ጀርባ ያሰጣጣል። አሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ውስጥ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ፍሮንት ፖርች ፎረም የሚባል የጎረቤቶች መገናኛ አለ። እዚያ ሰው በእውነተኛ ስሙና በሰፈሩ ነው የሚጽፈው። የጻፈውን ሠራተኞች አንብበው ካለፈ በኋላ ከሌሎች ጋር ተጠቃሎ በቀን አንዴ ገደማ በኢሜይል ይደርሳል። ተናዶ የጻፈ ሰው መልስ እስኪመጣለት ያድራል። በ2011 እ.ኤ.አ. አይሪን የተባለው ማዕበል ግዛቱን ሲመታ ጎረቤት ለጎረቤት እርዳታ ያስተባበረበት አንዱ መንገድ ይኸው ዘገምተኛ ነገር ነበር። እናንተም ከሞት በስተቀር ያለውን (የስብሰባ ቀን፣ የዕቃ ኪራይ፣ የታመመ የመጠየቅ ጥሪ) በሳምንት አንዴ በጸሐፊው እጅ አልፎ የሚወጣ አንድ መልእክት አድርጉት። ሞት ብቻ በየትኛውም ሰዓት ይሂድ። ስልኩ ሲጮህ ሰው የሚደነግጠው ለሚያስደነግጥ ነገር ብቻ እንዲሆን።

ኮድ መጻፍ ስትጀምሪ የሚገጥሙሽ ጥቂት ነገሮች አሉ። አባልነት የቤት እንጂ የሰው አይደለም። ስለዚህ «ቤት» እና «ሰው» የተባሉ ሁለት ሠንጠረዦች ያስፈልጉሻል፤ ባል ሲሞት አባልነቱ ለሚስት ይቀጥላል፣ ሲፋቱ ደግሞ ማን ይይዘዋል የሚለው የጉባኤ ጥያቄ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ካልለየሽ በመጀመሪያው ቀብር ላይ ባለቤቱ የሞተባት ሴት ከመዝገብ ትጠፋለች። የስልክ ቁጥርን የአባል መለያ አታድርጊው፤ ቁጥር ይቀየራል፣ ሁለት ቤት በአንድ ስልክ ይጠቀማል፣ የተተወ ሲም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስም ፍለጋ ላይ ኃይሉን፣ ሃይሉን፣ ሀይሉንና ሐይሉን አንድ አድርጎ የሚያገኝ ይሁን። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። በመዝገቡ ግን ሰውየው ራሱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ።

ቀን ስታስቀምጪ ሁለት ዓይነት ቀን እንዳለሽ አስቢ። ቀብር የዕለት ጉዳይ ስለሆነ በፈረንጅ ቀን አስቀምጠሽ በኢትዮጵያ ማሳየት ትችያለሽ። የመዋጮ ወር ግን ዕለት አይደለም፤ «የኅዳር 2017 መዋጮ» ራሱን የቻለ ስም ነው፣ እንዳለ በኢትዮጵያ ወርና ዓመት ይቀመጥ። ይህንን ወደ ፈረንጅ ወር የለወጠ ሥርዓት ጳጉሜን ላይ ይደናበራል። መለወጫውን ደግሞ በራስሽ ቁጥር በመቀነስ አትሥሪው፤ የ2016 መስከረም 1 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ነበር፣ የ2017ቱ ግን 11 ነበር።

ኢንተርኔት በሌለበት የማይሠራ ነገርም አትሥሪ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል፤ በእነዚያ ሳምንታትም ሰው ሞቷል፣ ተቀብሯል። የእሑዱ መዋጮ የሚሰበሰበው በታተመ ዝርዝር ላይ ይሁን፣ ቤት ሲደረስ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። የአባላት ስልክና ሰፈር ያለበት ወረቀት በየሦስት ወሩ ታትሞ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ተጠሪዎቹ ቤት ይቀመጥ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የሰበሰበ ሁሉ ኃላፊነት አለበት። እኔ ግን ሕጉን ከመፍራት በፊት ጎረቤትን መፍራት ይሻላል ባይ ነኝ። የባለ ውዝፎች ስም ስብሰባ ላይ ሲነበብ አዳራሹ ውስጥ ያለው ይሰማል፣ ሰውየውም ተነሥቶ ይመልሳል። ያው ዝርዝር ቴሌግራም ላይ ከተለጠፈ ግን ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ይደርሳል፣ መልስ የሚሰጥበትም የለም። ስለዚህ ውዝፍ ከኮሚቴው ሌላ ለባለቤቱ ብቻ ይታይ። ብሔርና ሃይማኖት የሚሉ መሙያዎችን አታስገቢ፤ የቀብር ቦታው በሞት ጊዜ ይነገራል። የሞት ምክንያት የሚል መሙያም አያስፈልግም። ቁጥር የሚለቅም ድርጅት መጥቶ «ለጥናት ነው» ካለ መልሱን የሚሰጠው ጠቅላላ ጉባኤው እንጂ አንቺ አይደለሽም።

መጨረሻ ላይ አንቺ ራስሽ። ነገ ሥራ አግኝተሽ ብትሄጂ፣ ብታገቢ፣ ውጭ ብትወጪ ይህ ሥርዓት የማን ነው? የባርሴሎና ከተማ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዜጎች በከተማ ጉዳይ የሚመክሩበትን ዴሲዲም የተባለ ሥርዓት ስትሠራ ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አደረገች። የሚጠቀሙበት ሁሉ ሊያከብሩት የሚገባ የስምምነት ሰነድም አብሮ ወጣለት። ለእናንተ ያን ያህል አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ ይበቃል። የመልእክት መላኪያው ሒሳብ በእድሩ ስም ይከፈት። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ሆኖ ማኅተሙ በሚቀመጥበት ሣጥን ይግባ። ከአንቺ ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው ዝርዝሩን ማውጣትና ማተም ይማር፤ ከወጣቶቹ አንዱን ሳይሆን ጸሐፊውን ራሱን አስተምሪው። የመልእክቱ ወጪ በዓመቱ በጀት ውስጥ በግልጽ ይያዝ፣ ከኪስሽ እንዳትከፍዪ። የአንቺንም ድካም ጉባኤው ይወስንበት። የጥሩምባ ነፊው አበል የሚከፈልበት መዝገብ ላይ አንድ ረድፍ መጨመር ይቻላል።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እንግዲህ ስላይድ ይዘሽ አትሂጂ። በሰፈር የተለየውን የአባላት ዝርዝር በትልቅ ፊደል አትመሽ ጠረጴዛው ላይ ዘርጊውና «ማን ነው የተሳሳተው? ማንስ ነው የቀረው?» በያቸው። እርሳስም አስቀምጪላቸው።